ይድረስ ለቀኝ መስመሩ ወዳጄ፣ ሀረር

አቦ፣ እንዴት ከረምክ? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ድሬም ያው ሙቀቷን ለቃዋለች። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! አንተ ሀረር፣ እኔ ድሬ፤ መሃላችን ያለው የደንገጎ ዳገት ብቻ ነው።

ባለፈው ታናሽ ወንድምህን ከዚራ አገኘሁት። ሻይ ይዘን ስናወራ አንድ ነገር ነገረኝ። የሰፈሩ ልጆች አሰልጥነን ብለው ቢለምኑህ እምቢ አልክ አሉ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ኳስ ስጠልዝ የኖርኩ ተከላካይ ነኝ፤ ምን አስተምራቸዋለሁ?» አልካቸው አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

የሞሮኮን ብሔራዊ ቡድን በኳታሩ ዓለም ዋንጫ ያሰለጠነውን ዋሊድ ሬግራጊን ታውቀዋለህ። እሱም እንዳንተው የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር። ከሞሮኮ ወላጆች ፈረንሳይ ተወልዶ ቱሉዝ፣ አያክሲዮ፣ ሳንታንደርና ግሬኖብል ተጫወተ። በ1996 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው የሞሮኮ ቡድን ውስጥ ነበር፤ በቱኒዚያ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ጥሩ ተጫዋች ነበር፣ ግን ሕጻናት ስሙን ማሊያቸው ላይ የሚጽፉለት ዓይነት ኮከብ አልነበረም።

አሰልጣኝ ሲሆን ነው ሰውየው የታየው። ከትንሹ ጀመረ። የራባቱን ክለብ ፉስን ይዞ በ2008 ዓ.ም. የሞሮኮን ሊግ በላ። በ2014 ሌላውን የሞሮኮ ክለብ ዊዳድን ይዞ ሊጉንም የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግንም ወሰደ፤ ፍጻሜው ላይ አል አህሊን 2 ለ 0 ነው የረታው። ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ ለኳታሩ ዓለም ዋንጫ ሦስት ወር እንኳ አልቀረም። ገና ሳይጀምር ራሰ በራነቱን ይዘው «የአቮካዶ ጭንቅላት» ሲሉት ነበር። ከቀድሞው አሰልጣኝ ጋር ተኳርፎ ብሔራዊ ቡድኑን የተወውን የመስመር አጥቂ ዚየችን መለሰው። ያ ባለ ወርቅ እግር ተጫዋች እንዴት ወደ ኋላ እየሮጠ የቀኝ ተከላካዩን ሲያግዝ እንደነበር አስታውስ። እንዲህ አሳምኖ ማስሮጥ የሚችለው ብቻውን ከሁለት አጥቂ ጋር ተፋጥጦ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔ የምለው ይህንኑ ነው።

እዚያው ዓለም ዋንጫ ላይ ከስፔን ጋር የተጫወቱትን አስብ። ከ1,000 በላይ ኳስ ተቀባብለው አንድ ጎል አጡ። ሪጎሬ ላይ ደግሞ ሦስቱንም ሳቱ። እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ሞሮኮ ላይ የገባው አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ እሱንም ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ የራሳቸው ተከላካይ ነው ያገባው።

እኔን ግን የሚገርመኝ የፖርቱጋሉ ጨዋታ ነው። ከተከላካዮቹ አገርድ የለም፣ ማዝራዊ የለም። አምበሉ ሳይስም እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲጫወት ቆይቶ በቃሬዛ ወጣ። ታዲያ ያን ኳስ ከግራ ያሻማው ማነው? ያህያ አቲያት አላህ ነው፤ ተቀያሪው የግራ ተከላካይ፣ ዊዳድ ውስጥ ሬግራጊ ያሰለጠነው ልጅ። አጥቂው ኤን ነሲሪ ከበረኛው በላይ ዘሎ በቴስታ አገባት። 1 ለ 0። ከአፍሪካ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ። ተጠባባቂ ያልነው ልጅ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ይህ የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

ደግሞ ሞሮኮ ለኛ ከተማ ባዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር ሲዘጋጅ ምድባቸውን የተጫወቱት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከሱዳን 2 ለ 2 ወጡ፣ የዋንጫውን ባለቤት ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ረቱ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ዋንጫውን አነሱ። አባትህ ያንን ሲያወሩልን አፋችንን ከፍተን እንሰማ የነበረው ትዝ አይልህም?

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ደቻቱ አሸዋ ላይ ስንጫወት አጥቂው ኳሷን ሳይነካ ትከሻውን አይተህ በየት እንደሚዞር ታውቅ ነበር። እኔ ፊት ስሮጥ ከኋላዬ ድምፅህ ይሰማኛል፤ «ሰው አለ! ወደ ግራ ልቀቃት!» ኳሷ እግሬ ሥር ሳትደርስ ምን እንደማደርግ የማውቀው ባንተ ነበር። ከኋላ የቆመ ሰው ሜዳውን በሙሉ ያያል። ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሰው «ምን አስተምራለሁ» ስትል አንጀቴ ይቃጠላል፣ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ሌላው ቀርቶ ሁለት ነገር አሳያቸው፤ ኳሷን ሳይሆን ሰውየውን ጎን ለጎን መያዝን፣ ሲሮጡ አንገት ቀና አድርጎ መናገርን። እዚህ ያሉት ልጆች ድሪብል ያውቃሉ፣ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም። ያንተዎቹም እንደዚያው ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

እና እሺ በላቸው። ሳቢያን በኩል ልጆች የሚያሰለጥን ጓደኛ አለኝ፣ አነጋግሬዋለሁ። አንድ እሁድ በሚኒባስ ይዘሃቸው ውረድ። ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት እናጋጥማቸው፣ ምሳው በኔ ነው። ማሊያ ካልሞላላችሁ ቀድመህ ንገረኝ፣ አላጣም። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ስንት ልጅ እንደምታመጣ ብቻ ደውለህ አሳውቀኝ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወዳጅህ፣ ከድሬዳዋ