የተፈጥሮ ክበብ ዘገባ፦ የእማማ ክሮች

የተፈጥሮ ክበባችን ዘንድሮ 27 አባላት ነበሩት። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ እንገናኛለን። ችግኝ ጣቢያውን አሰፋን፣ ሁለት ጊዜ ግቢ አጸዳን፣ አንድ የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን። የመጽሔቱ አዘጋጆች የሚፈልጉት ይኸው ነበር፣ አለቀ። በቀረው ቦታ ስለ እናቴ ልጽፍ ነው። ልጆቹም «ቲቸር፣ ስለ እማማ ካልጻፍክማ ምኑን ዘገባ ሆነ?» ብለውኛል።

እናቴ ስድስት ልጆች አሳድጋለች። የልጅ ልጆቿን ስትቆጥር አንድ ሁለቱን ትረሳና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። 90 ዓመት ካለፋት በኋላ እንኳ ጠዋት ጓሮዋን ሳትዞር እህል ውሃ አትቀምስም ነበር። ከክበቡ ጋር የተዋወቀችው በእኔ ጥፋት ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ ኮምፖስት እናዘጋጅ ብለን ጉድጓድ ቆፈርንና ያገኘነውን የአትክልት ልጣጭና እርጥብ ሣር ሁሉ አጨቅንበት። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ጉድ አሰኘ። አጠገቡ ያለው ክፍል መስኮት መክፈት አቃተው፣ እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ተብዬ በየኮሪደሩ ይቅርታ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ማታ ለእናቴ ብነግራት ሳቀች። በማግስቱ ከዘራዋን ይዛ መጣች፣ ጉድጓዱን አየት አደረገችና በልጆቹ ፊት «አንተ ልጅ፣ አፍነኸው እኮ ነው!» አለችኝ። ክበቡ በሳቅ ፈነዳ። ደግሞ ልክ ነበረች። እርጥብ ብቻ ሲታጨቅ አየር አይገባም፤ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፣ ሽታውን የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። ደረቅ ቅጠል ቀላቀልንበት፣ ቶሎ ቶሎ አገላበጥነው፣ ሽታው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የክበቡ ኃላፊ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ እሷን መጠበቅ ሆነ። አንድ ቀን ልጆቹ አበባ ላይ ያለች ንብ ከበው ሲገፋፉ፣ ሠራተኛ ንብ ሥራ በሚበዛበት ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። እናቴ ሰማችኝና «ስድስት ሳምንት? ታዲያ ጊዜዋን አትሻሙባት፣ ፈቀቅ በሉላት» አለች። ፈቀቅ አሉላት። እኔ ብል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።

አንዷ ተማሪያችን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ስለ ዋንጋሪ ማታይ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን እንደጀመረች፣ በ2004 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እንደሆነች ዘርዝራ ስታበቃ፣ ከሥር «የእኛዋ እማማም እንደሷ ናት» ብላ ጨመረች። እናቴ ሲነበብላት «እሷ ስንት ሚሊዮን ዛፍ ስታስተክል እኔ ልጅ ከዛፍ ላይ ውረድ እያልኩ ስጮህ ኖርኩ» አለች። ውሸቷን ነው። ዛፍ መውጣት ያስተማረችን ራሷ ናት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አረፈች። ታማ ብዙ አልቆየችም።

ደብተሯን ለክበቡ ሰጠሁ። የትኛው አበባ መቼ እንደፈነዳ፣ ወፎቹ የት ጎጆ እንደሠሩ፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ ለዓመታት የጻፈችበት ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች የእህቴ ልጅ እጅ ጽሑፍ ናቸው፣ እሷ እየነገረቻት። አሁን ልጆቹ ተራ ገብተው ይጽፉበታል።

ከቤታችን ጀርባ አንድ ዛፍ አለ። ልጆች ሳለን ቁመታችንን ግንዱ ላይ በቢላ ጫፍ ትጭርልን ነበር። በኋላ ዛፉን ማቁሰሏ ጸጸታትና ለልጅ ልጆቿ ክር ማሰር ጀመረች፣ ለያንዳንዱ የራሱን ቀለም። በዓመቱ መጨረሻ ክበቡን ወደዚያ ወሰድኩት። ከመድረሳችን በፊት፣ ያኔ የአሁኑ ወገቤ ከፍታ ላይ የነበረው የእኔ ጭረት ዛፉ ይህን ሁሉ ካደገ በኋላ የት ደርሶ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ «ከራስህ በላይ» ብለው ተወራረዱ። ሄደው ሲያዩት እዚያው ነው። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ግንዱ ይወፍራል እንጂ ወደ ላይ አይሳብም። ጭረቴ ወደ ጎን ተለጥጦ ሰፊ ጠባሳ ሆኗል። ቦርድ ላይ ስንት ዓመት ስለፈልፈው የኖርኩት ነገር በአንድ ደቂቃ ገባቸው።

ክሮቹን ግን ረስተናቸው ነበር። ግንዱ ሲወፍር ክሩ ካልላላ ቅርፊቱን ይበላና ከሥሩ ያለውን የምግብ መተላለፊያ ያንቀዋል፤ እናቴ በየዓመቱ ፈታ እንደገና ታስራቸው ነበር። ዘንድሮ ከስድስት ልጆቿ አንዳችንም አላሰብነውም። ቀዩ መስመጥ ጀምሯል። ልጆቹ ምንም ሳልላቸው አንድ በአንድ ፈትተው አላሏቸው፣ ቀዩን ለማውጣት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

የመጨረሻዋ የልጅ ልጅ ገና ክር አልነበራትም። ስናቆማት በጣቶቿ ተንጠራራች። «ተረከዝሽን መሬት!» አልኳት፣ እናቴ ሁላችንንም እንደምትለን። ቀለም ምረጪ ስንላት አረንጓዴ አለች። ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፣ አይታይም ብንላትም እምቢ አለች። ላላ አድርገን አሰርንላት።