መንጋጋ ቀጭ ስላለ አንገት አይጠመዘዝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከጆሮው ፊት የሚጠዘጥዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጆሮውን ነው፤ ጠብታ ይጨምራል። አልሻል ሲለው መንጋጋ ጥርሱን ያስነቅላል። ጥርሱ ወጥቶም ሕመሙ ካልለቀቀ የመንጋጋ መገጣጠሚያውን ማየት ይገባል። ትንንሽ ጣቶችን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት አሳርፎ አፍን መክፈትና መዝጋት ነው፤ ከጣት ሥር የሚንሸራተተው እሱ ነው።

በመገጣጠሚያው አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈ ስስ ዲስክ አለ። ዲስኩ ከቦታው ወደ ፊት ወጥቶ አፍ ሲከፈት ሲመለስ ቀጭ ይላል። ሕመም የሌለው ድምፅ ሕክምና አያሻውም። ማየት ያለብን አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው፤ የራስ ሦስት ጣት ተደራርቦ በፊት ጥርሶች መካከል (40 ሚሊ ሜትር ገደማ) ካልገባ መመርመር ይገባል።

መንጋጋውን አሞት ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ የሚሄድ ብዙ ሰው አንገቱ ቀጭ እንዲልለት ይጠብቃል። ለመንጋጋ የሚበጀው ግን ዝግ ያለው ሥራ ነው፦ በጓንት የታች መንጋጋ ጥርሶችን ቀስ አድርጎ ወደ ታች መጫን፣ የጉንጭና የሰሪሳራ ጡንቻ የቋጠረበትን ማፍታታት፣ እንቅስቃሴ ማስተማር። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ካስቀደማቸው ሕክምናዎች መካከል ይህ ዓይነቱ ይገኝበታል። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ግን፣ እምብዛም ባይሆንም፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሰንጥቆ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አፍዎን ሳይለካ አንገትዎን የሚይዝ ባለሙያ ካጋጠመዎት «ይቅርብኝ» ይበሉ። ዝግ ያለውን የመንጋጋ ሥራ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስትም ይሠራዋል።

ቤት ውስጥ ዋናው ነገር ጥርስን ማላቀቅ ነው። ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ግን አይነካካም፣ ምላስም ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ጥርሱን ነክሶ መዋሉን የሚያውቀው ማታ ሲያመው ነው። ምላስ ከላንቃ ሳይለቅ አፍን እስከቻለ ድረስ ብቻ መክፈትና መዝጋት፣ 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ዙር። ድምፅ ከተሰማ አከፋፈቱን መቀነስ። ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማሳረፍም ያላላል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ ይቅሩ፤ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት የሚያዝ ጫትማ ዋነኛው ጠላት ነው። ሲያዛጉ አገጭን በጡጫ መደገፍ።

ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ የጥርስ መግል ይሆናል፤ ወደ ጥርስ ሐኪም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ አዲስ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣበት፣ ደረት ሲጨንቅ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ከወጣ፣ አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል እንጂ ካይሮፕራክተርም ወጌሻም ጋ አይኬድም።

አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
አዲስ አበባ