ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም

እናንተ የሞከራችሁልን የገንዘብ መላኪያ አፕ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሁለት ጊዜ ሊሰረዝ ደርሶ የተረፈ ሥራ ስለሆነ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

በዲዛይን ምርምር 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስጀምር ዓይኔን በጨርቅ አስሬ አንድ ሰዓት ስልክ ነካካሁና ማየት የተሳነው ሰው የሚያልፍበት ገባኝ አልኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ፓትሪሺያ ሙር እኮ እንደ ፈረንጆቹ ከ1979 ጀምራ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ አሮጊት መስላ፣ እይታዋን የሚያደበዝዝ መነጽር አድርጋና ጆሮዋን ደፍና ሦስት ዓመት ያህል በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች ዞራለች። የኔ አንድ ሰዓት ያስተማረኝ ጨለማ መፍራትን ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

እህቴ፣ ስክሪን ሪደርሽን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልሽን ፕሮግራም፣ ከፍተሽ ገጹን ስትነኪው ስልኩ "ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ" ብሎ ዝም ያለ ቀን ትዝ ይልሻል? አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መሰረዣ፣ አንዱ መመለሻ ነበር፤ ስም የሰጣቸው ግን የለም። አንቺ ሳቅሽ። አጠገቤ የነበረው ፕሮግራመር አልሳቀም፣ ያንኑ ሲያስተካክል አደረ። ወንድሜ፣ ንዝንዜን ስለቻልክ አንተንም አመሰግናለሁ።

አባባ፣ እርስዎ ደግሞ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ "ላክ" ሊሉ ፈልገው አራት ጊዜ "ሰርዝ"ን ነኩ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቁኝ! "ስልክ ላይ ደካማ ነኝ" አሉኝ። ሁለቱን ቁልፎች አጠጋግተን ያስቀመጥናቸው እኛ ነን እኮ። አሁን ተራርቀዋል፣ ሰፍተዋልም። በነጭ ላይ የነበረው ግራጫ ጽሑፍም ጠቁሯል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል፤ የኛ አያሟላም ነበር፣ ግን "ግራጫው ያምራል" እየተባለ ስንት ስብሰባ አለቀ መሰላችሁ።

በጀት ሲቆረጥ "ተደራሽነቱ በሁለተኛው ዙር ይደርሳል" ተባለ። እኔ እስካሁን ሁለተኛ ዙር ሲመጣ አላየሁም። ያኔ አለቃዬ ምንም ሳትከራከር የእናንተን ቪዲዮ ስብሰባው ላይ ከፈተችው። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ማንም አልተነፈሰም። እሷን አመሰግናለሁ፤ ቪዲዮው እንዲታይ የፈቀዳችሁትን ደግሞ ከእሷም በላይ።

አባባ ትናንት ደወሉልኝ። ለልጅ ልጃቸው ገንዘብ ልከዋል፣ በአንድ ሙከራ። ቀጥለው "ግን የደረሰኙ ፊደል ያንሳል" አሉኝ።

ልክ ነዎት አባባ። ሰኞ እንጀምረዋለን።