የዓሣ መዝገባችንን የሚያሰላ ይላክልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ በዚህ ዓምድ፣ ሒሳብን ለተፈጥሮ ሳይንስ የሚያውል የምርምር ተቋም ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ «ለጠገበ አገር የሚሆን ቅንጦት፤ ዳቦ ይቅደም» ሲሉ አጣጥለውታል። እኔ በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ የአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ዕውቀቴ ከመደመርና ከመቀነስ፣ ቢበዛ ከመቶኛ አያልፍም። ዝም እንዳልል ያደረገኝ ግን፣ ቅንጦት ከተባለው ሥራ አንዱ ዝነኛ ምዕራፍ የተጀመረው ከዓሣ ገበያ መዝገብ መሆኑ ነው።

ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለ ጣሊያናዊ የእንስሳት ተመራማሪ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የሚገኙትን የትሪየስት፣ የፊዩሜና የቬኒስ ገበያዎች መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ዓሣ ማስገሩ ተቀዛቅዞ ነበር። ባሕሩ ሲያርፍ ዓሣው ሁሉ እኩል ይበዛል ብሎ መገመት ያለ ነው። መዝገቡ ግን የሻርክና የመሰል አዳኝ ዓሦች ድርሻ ከፍ ማለቱን ያሳይ ነበር። ዳንኮና ጥያቄውን ይዞ ወደ አማቱ፣ ወደ ሒሳብ ሊቁ ቪቶ ቮልቴራ ሄደ። ቮልቴራ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ሥራ ሁለት እኩልታዎችን አቀረበ፤ አንዱ ለተበዪው፣ ሌላው ለበዪው። ተበዪው ሲበዛ በዪው ይፋፋል፤ በዪው ሲበዛ ተበዪው ይመናመናል፤ ከዚያ በዪው ራሱ ይራብና ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ስሌቱ እንደሚለው ማስገር ሲቀንስ ይበልጥ የሚጠቀመው በዪው ነው። አሜሪካ ይኖር የነበረው አልፍሬድ ሎትካም ለብቻው እዚያው እኩልታ ላይ ደርሶ ስለነበር ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ወደ እኛ ልመለስ። ሐይቃችን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው፤ መውጫ ወንዝ የለውም። አምባዛው ነባር ነው፤ ቆሮሶው ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ እንግዳ ነው። አምባዛው ቆሮሶውን ይበላል። ዓሣ ከውጭ ገብቶ የማይወጣበት እንዲህ ያለ ውኃ ለሒሳብ ሰው ከአድሪያቲክ ይልቅ የሚመች ይመስለኛል።

መዝገብም አለን። ቀን፣ የጀልባ ብዛት፣ ቆሮሶ በኪሎ፣ አምባዛ በኪሎ፤ በገጾቹ መካከል የደረቀ ቅርፊት ተጣብቆ ይገኛል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓሣ በተትረፈረፈ ቀን ኪሎውን ትተው «ብዙ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ እሱን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ገጾች ባዶ ናቸው፤ ምክንያቱ ጦርነቱ መሆኑ ለወሎ ሰው አይነገርም። ጀልባ እንደገና ሲወጣ «አምባዛው ገዝፏል» ያሉ ነበሩ፣ «ወሬ ነው» ያሉም ነበሩ። የዳንኮና ጥያቄ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር፤ የሚያሰላው ግን አልነበረም።

ሁለት እኩልታ ለአንድ ሐይቅ ይበቃል አልልም። ዝናቡ አለ፣ ከተራራው ታጥቦ የሚገባው አፈር አለ። የመረቡ ዓይን ምን ያህል ይስፋ? ሐይቁ በየትኛው ወር ይረፍ? ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች በስብሰባ ላይ የሚመልሳቸው ድምፁ የጎላ ሰው ነው። ዓሣ ደግሞ ምግብ ነውና የጸሐፊው የዳቦ ክርክር ለእኔ ያደላል።

ወጪውም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ላይፕዚግ ላይ ሒሳብን ከፊዚክስና ከሥነ ሕይወት ጋር የሚያገናኝ የማክስ ፕላንክ ተቋም ከፈቱ፤ እሱ የሀብታም ነው እንበል። የፊዚክስ ሊቁ ኒል ቱሮክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን አጠገብ፣ ሙይዘንበርግ ላይ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንሶች ተቋምን ያስጀመረው ግን አንድ አሮጌ ሆቴል ታድሶለት ነው። ዛሬ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ እህት ማዕከላት አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ፣ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አንድ የሒሳብና አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው አብረው ቢመጡ ለጊዜው ይበቃኛል።

መዝገቦቹ ቢሮአችን ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ዓሣው ተመዝኖ ካለቀ በኋላ እገኛለሁ። «ዋናውን ይዤ ልሂድ» ለሚል ግን አልሰጥም፤ ከዚህ ቀደም አንድ መሥሪያ ቤት ለጥናት ብሎ የወሰደው መዝገብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ፎቶ ማንሳት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፣ ሐይቅ ከተማ