ዶሳ የህንድ እንጀራ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ህንድ ምግብ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። ጸሐፊዋ ናን የሚባለውን የሰሜኑን ቂጣና በቅቤ የሚሠራውን ዶሮ በሰፊው ከተረኩ በኋላ፣ ደቡቡን «ዶሳ የሚባል የህንድ እንጀራ አላቸው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። ለትምህርት ሄጄ በደቡብ ህንዷ ማይሶር ከተማ ሁለት ዓመት ስለኖርኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ዶሳን ከእንጀራ የሚያመሳስለው ተቦክቶ በምጣድ መጋገሩና ክብነቱ ነው። ሩዝና ኡራድ የሚሉት ጥራጥሬ ለየብቻ ተዘፍዝፈው፣ ከነውሃቸው ተፈጭተውና ተቀላቅለው ያድራሉ፤ እርሾ አይገባባቸውም፣ አብሲትም አይጣልባቸውም። የእኛ እናቶች ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል ሲያፈሱ፣ የዶሳ ጋጋሪ ግን መሃል ላይ ጣል ያደርገውና በጭልፋው ጀርባ እያዞረ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ዘይት ጠብ ያደርግበታል እንጂ አክንባሎ አይደፋበትም። ተንኮሻኩሾ የሚበላ ነው፤ ወጥ ተሸክሞ ገበታ ላይ አይዘረጋም። በልስላሴ ለእንጀራ የሚቀርበው፣ ኬረላ በተባለው የደቡብ ግዛት ከሩዝና ከኮኮናት ወተት የሚጋገረው አፓም ነው፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ምእመናን በፋሲካ ማለዳ ከሥጋ ወጥ ጋር ይቀርብላቸዋል።

ዝምድና ከተፈለገ ግን የሚጠቀሰው ራጊ ሙዴ ነበር። ራጊ የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ወደ ህንድም የተሻገረው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ማይሶር ባለችበት በካርናታካ ግዛት ደቡባዊ ገጠር ዱቄቱን እንደ ገንፎ በፈላ ውሃ እያማሰሉ ያበስሉትና፣ እጃቸውን ውሃ እያስነኩ ትኩሱን ያድቦለቡሉታል። ከዚያ ቆረስ አድርጎ፣ ሳሩ በሚሉት ቀጭን ወጥ ነክሮ፣ ሳያኝኩ መዋጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳኝከው ያዩኝ አከራዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ፤ እኔም እስክለምደው ድረስ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመብኝ በውሃ አወርደው ነበር።

የቀረውም ቢሆን «የደቡብ ምግብ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠቀለል አይደለም። የአንድራ ግዛት ሰው ከማሾ የሚጋግረው ፔሳራቱና የጉንቱር በርበሬው አለው፤ በታሚል ናዱ ግዛት የቼቲናድ አካባቢ ሰዎች የሚመኩት በቁንዶ በርበሬ ነው፤ የሃይደራባድ ከተማ ደግሞ ቢርያኒ የሚባለውን የሩዝና የሥጋ ምግብ የድስቱን አፍ በሊጥ አሽጎ በገዛ እንፋሎቱ ያበስላል። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ በጋለ ዘይት የሚንጣጣው የሰናፍጭ ፍሬና አብሮት የሚጣለው የካሪ ቅጠል ነው፤ ሽታው ከመንገድ ይጠራል።

ጸሐፊዋ በሌላ እትም ቢመለሱበትና ከራጊ ሙዴ ቢጀምሩ፣ የዳጉሳ ዱቄት በየገበያችን ስለሚገኝ አንባቢ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ