ከወርቁ ሌሊት የቀረ ምስጋና

ይድረስ ግንቦት 11 ቀን 2005 ዓ.ም ሌሊት ስቶክሆልም፣ ኪስታ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ላገኘኋቸው ታክሲ ነጂ። «ጋሼ» ብዬ ጠርቼዎት ስምዎን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይድረስ ለጎረቤቴ ለሆዮ። ይድረስ ለታችኛዋ ጎረቤቴ ለታንት። የቀራችሁትም አትቀየሙ፤ በየተራ እመጣለሁ።

ጤና ይስጥልኝ።

እዚህ ስዊድን ሰው ሲገናኝ «ታክ ፎር ሴናስት» ይላል። ባለፈው ስለተገናኘን አመሰግናለሁ እንደማለት ነው። ባለፈው ሳምንት አብሯችሁ ቡና የጠጣ ሰው ይላችኋል። እኔ ግን 12 ዓመት አሳልፌ ነው የምለው። ያኔ ቋንቋውም ድንጋጤውም አንድ ላይ አፌን ይዘውት ነበር። ከዚያ ደግሞ ኑሮ ነው፤ ነገ ዛሬ እያልኩ ቀረሁ። በፈረንጆቹ 2025 የዓለም የአይስ ሆኪ ሻምፒዮና ያኔ ወደምሠራበት የስቶክሆልም አዳራሽ ሲመለስ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረው ልጄ ቴሌቪዥኑን እያየ «እማ፣ ያንን ባለ ታክሲ አመስግነሽዋል?» አለኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ያን ቀን ማታ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። በፈረንጆቹ 2013 የዓለም የአይስ ሆኪ ሻምፒዮና ስቶክሆልምና ሄልሲንኪ ላይ ነበር የተካሄደው። ስዊድንና ፊንላንድ ለሁለት ዓመት በጋራ ነው ያዘጋጁት፤ የዚያን ዓመት ፍጻሜ የደረሰው ለስቶክሆልም፣ ለግሎበን ነው። አሁን አቪቺ አሬና ይሉታል፤ እኔ ግሎበን ማለት አልተውኩም። 85 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ ድቡልቡል ሕንፃ ነው። እዚያ በጽዳት ተቀጠርኩ። የቀጠረኝ አዳራሹ አይደለም፣ መሀል ገብቶ ሠራተኛ የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ስሙን አላነሳም። የፍጻሜውን ሌሊት ትርፍ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አልከፈለኝም። ደብዳቤው የምስጋና ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁመው።

መክፈቻው ሜይ 3 ነበር። የኛ ስቅለት። ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሰግድ እኔ የቆሻሻ ላስቲክ እቀይራለሁ። ያን ማታ ስዊዘርላንድ ስዊድንን 3 ለ 2 አሸነፈች። ከሁለት ቀን በኋላ ፋሲካ ሆነ፤ እሱንም በሥራ ልብስ ዋልኩት። ማታ ቤት ስገባ ሆዮ በሳህን ሐልዋ አድርጋ «ለበዓልሽ» ብላ ለልጆቼ ሰጥታቸው ነበር። ሆዮ በር ለበር የምንተያይ ሶማሌ ጎረቤቴ ናት። ሆዮ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። የገዛ ልጆቿ እንደዚያ ስለሚጠሯት የኔዎቹም ያዙት፤ በኋላ እኔም።

ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን ደረጃው ላይ መጥረጊያዬን ተደግፌ ሳይ ሳቄ መጣ። የገና ጨዋታ ነው እኮ! ያው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ። በሩር ፋንታ ጠፍጣፋ ጥቁር ላስቲክ፣ በሜዳ ፋንታ በረዶ። መላተሙም ያው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ብቻ እዚህ አይሠራም። ዳኛው ይቆጣል፤ አጥፊውን ለሁለት ደቂቃ ለብቻው አግልሎ ያስቀምጠዋል። ለልጆቼ ስነግራቸው ሴቷ «እንደ አጸደ ሕፃናት?» አለችኝ። አዎ፣ ልክ እንደሱ።

መጀመሪያ አካባቢ ቲኬቱ ውድ ስለነበር ብዙ ወንበር ባዶውን ይውል ነበር። ለእኔ ሥራ ቀለለልኝ። ኋላ መንታዎቹ መጡ፤ ሄንሪክና ዳንኤል ሴዲን። ካናዳ የሚጫወቱበት የቫንኩቨር ቡድን በሳን ሆሴ ተሸንፎ ሲሰናበት ወደ አገራቸው ቡድን ገቡ። አዳራሹ ሌላ አዳራሽ ሆነ። በሩብ ፍጻሜ ካናዳን በመለያ ምት 3 ለ 2 አሸነፉ። በግማሽ ፍጻሜ ፊንላንድን 3 ለ 0። እኔ ከጨዋታው ይልቅ የማስታውሰው የፈሰሰውን ቢራ ነው።

ይህን ሁሉ የምታስረዳኝ ታንት ነበረች። ታንት ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ስዊድናዊት ናት። ታንት ማለት ራሱ እትዬ እንደማለት ነው። የሆኪ ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። በ1995 በዚያው በግሎበን ስዊድን ለፍጻሜ ደርሳ በፊንላንድ 4 ለ 1 ተሸንፋለች። ታንት ያንን ይቅር አላለችም። ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ፤ ከ1986 ወዲህ፣ ሶቪየት ኅብረት ሞስኮ ላይ ካሸነፈች በኋላ፣ እስከዚያን ጊዜ በሜዳው ወርቅ የወሰደ አዘጋጅ አገር አልነበረም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይነ ጥላ የያዘው ቤት ስታወራ ነው የምትመስለው። «ስዊሶቹ ደግሞ ዘጠኙንም ጨዋታ አሸንፈዋል» አለችኝ። «እሁድ ተመልከቺልኝ።»

እሁድ ተመለከትኩላት። ማለቴ፣ በበሩ ክፍተት የቻልኩትን ያህል። መጀመሪያ ያገባው የስዊሱ ሮማን ጆሲ ነው፤ የውድድሩ ኮከብም በኋላ እሱ ተባለ። አዳራሹ ጭጭ አለ። የስዊሶቹ ቃጭል ብቻ ነበር የሚሰማው። ደጋፊዎቻቸው ላም አንገት ላይ የሚታሰረውን ቃጭል ይዘው ነው የሚመጡት፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው ያደግሁበት ሰፈር ከብት ሲገባ ነው። ከዚያ ስዊድን አገባች፣ ደገመች፣ 5 ለ 1 ተጠናቀቀ። ቢጫ የለበሰው ሕዝብ አበደ። አንዱ የማላውቀው ሰውዬ ከነመጥረጊያዬ አነሳኝ።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ወንበር ሥር ቃጭል አገኘሁ። ይዤው ወደ ዕቃ መረከቢያው ስሄድ ባለቤቱ ተመልሶ መጣ። ቀይ ማልያ የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ ወጣት። ሰጠሁት። አየው፣ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠውና የሆነ ነገር ብሎኝ ሄደ። ምን እንዳለኝ አልገባኝም። ለአንተም፣ የትም ብትሆን፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ2025 ቡድንህ እዚያው አዳራሽ ፍጻሜ ደርሶ በጭማሪ ሰዓት በአሜሪካ 1 ለ 0 ሲሸነፍ አንተን ነው ያሰብኩት።

ስልኬን ያየሁት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሆዮ ሰባት ጊዜ ደውላለች።

የምኖረው ሁስቢ ነው። ከስድስት ቀን በፊት እዚያው ሰፈር ፖሊስ አንድ የ69 ዓመት ሰው ቤቱ ውስጥ ተኩሶ ገድሎ ነበር። ሰፈሩ አኩርፎ ነው የሰነበተው። እኔ ሥራና ቤት ስል ኩርፊያው የት እንደደረሰ አላየሁም። ሆዮ «መኪና እያቃጠሉ ነው። ልጆችሽ እኔ ጋ ናቸው። ሁስቢ እንዳትወርጂ፣ ኪስታ ውረጂ» አለችኝና ተቋረጠ።

አረንጓዴው የባቡር መስመር ላይ ሰው ሁሉ ይዘፍናል። ፊቱን ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ማዕከላዊው ጣቢያ ላይ ወደ ሰማያዊው መስመር ተሻገርኩ። ዘፋኞቹ እየወረዱ አለቁ። ሶልና ሴንትሩም የሚባለው ጣቢያ ግድግዳው ዋሻ መስሎ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ የዚያን ሌሊት ግን እሳት መስሎኝ ዓይኔን ያዝኩ።

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ኪስታ በሩ ላይ መኪናዎን ተደግፈው ጭሱን ያዩ ነበር። ነጠላዬን አይተው «ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«የት ነሽ?»

«ሁስቢ።»

«ዛሬ?»

«ልጆቼ እዚያ ናቸው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «መኪናዋን ይዤ አልገባም፤ ገና አራት ዓመት ዕዳ አለባት። በእግር እንሂድ» ብለው ቆለፏት። እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት። የሌሊት ገበያዎን ጥለው መሄድዎ እንኳ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

መንገድ ላይ ስንሄድ ቦርሳዬ ያቃጭላል። በረገጥኩ ቁጥር ቅል፣ ቅል። ወዲያ ማዶ መኪና ይነድዳል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ እኔ እንደ በዓል ከብት እያቃጨልኩ እሄዳለሁ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። አውጥቼ አሳየሁዎት። በዚያ ሁሉ መሀል ሳቁ። ከኪስዎ መሃረብ አውጥተው ቃጭሉ ሆድ ውስጥ ጠቀጠቁት። ጸጥ አለ። እኔም የዚያን ጊዜ ነው መተንፈስ የጀመርኩት።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፊታቸውን የሸፈኑ ልጆች ነበሩ። ድንጋይ ይዘዋል። ድንጋይ ለያዘ ምስጋና የለኝም፤ የተቃጠለው የድሃ መኪና ነው። አንዱ ግን ፊቱን ገልጦ በስዊድንኛ «በዚህ አትሂጂ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ዙሪ» አለኝና ቀድሞን መንገዱን አሳየን። ከልጄ ጋር እግር ኳስ ሲጫወት አውቀዋለሁ። ለዚያች ለአንዷ ነገር፣ አመሰግንሃለሁ። እናትህ እንዳትሰማ ስምህን አልጽፍም።

ከታች ካለው የመኪና ማቆሚያ ጭስ በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ሣሩ ላይ ነበር። በፒጃማ፣ በባዶ እግር። ሆዮ አምስት ልጆቿንና ሁለቱን ልጆቼን እንደ ጫጩት ሰብስባ ትቆጥራለች። ሰባት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ሰባት። እኔን ስታይ አላቀፈችኝም፤ «ለምን ስልክ አታነሺም!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አለቀሰች። ሆዮ፣ እስከ ዛሬ ልጆቼ ሲታመሙ መጀመሪያ የሚደውሉት ለአንቺ ነው። ቅናት አይደለም፤ ዱዓሽ አይለየን።

ሴት ልጄ ታንት ጭን ላይ ነበረች። ታንት ፍጻሜውን ስታይበት የነበረውን ሦስት ዘውድ ያለበትን ቢጫ ማልያዋን አውልቃ ልጄን ጠቅልላታለች። ራሷ በስስ ሸሚዝ ትንቀጠቀጣለች። የግንቦት ሌሊት እዚህ አጥንት ይገባል። ወንዱ ልጄ ገና ሲያየኝ የጠየቀው «ስንት ለስንት?» ብሎ ነው። ቤቱ ጭስ ሲሞላ ታንት ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ነዋ የወጣችው፤ መጨረሻውን አላዩም።

«5 ለ 1» አልኩ።

ታንት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንባዋ ወረደ። ለወርቁ ይሁን ለሰፈሩ፣ አልጠየቅኳትም። ከአራት ዓመት በኋላ አርፋለች። ማልያው እኛ ጋ ነው። ታንት፣ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ታክ።

ዞር ስል እርስዎ የሉም ጋሼ። ወደ መኪናዎ ተመልሰዋል። ያቺን አንድ ሌሊት ብቻ ሰፈራችን ውስጥ 100 ገደማ መኪና ነደደ፤ የእርስዎዋ ተርፋ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ተብከንክኛለሁ። ኪስታ በወጣሁ ቁጥር የታክሲ ተራውን አያለሁ። ሐበሻ ሹፌር ሁሉ ጠይቄአለሁ። ሽበት ያለው፣ ረጅም፣ መሃረብ የሚይዝ ብል ሁሉም ይስቁብኛል፤ «እትዬ፣ ግማሻችን እንደዚያ ነን» ይሉኛል።

በቀጣዮቹ ሌሊቶች ሁከቱ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛመት እየወጣችሁ በየመንገዱ ለቆማችሁት አባቶችና እናቶችም፣ ፔርሙስ ይዛችሁ ልጆቹን «ቤትህ ግባ» ስትሉ ለነበራችሁት፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። እኔም ሁለት ሌሊት አብሬአችሁ ቆሜአለሁ፤ ቡናው ቀጭን ነበር።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፣ ወይም የሚያውቅዎት ሰው ካነበበልዎ፣ እዚያው ቤት ነን። መሃረብዎን አጥቤ ተኩሼ አስቀምጬዋለሁ። ቡና አፈላለሁ፤ ልጆቹም ሊያዩዎት ይፈልጋሉ። የበሩ ደወል ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ቃጭሉን እጀታው ላይ አንጠልጥለነዋል፤ እሱን ነቅነቅ ያድርጉት።