ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጎደለችው ኪሎ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ድሬ ሙቀቷ ጋብ ብሏል። ማታ ማታ ነጠላ መደረብ ጀምረናል። አዲስ አበባ ሆነሽ ይህን "ብርድ" ስታነቢ እንደምትስቂብን አውቃለሁ።

ባለፈው ማታ ደውለሽ የነገርሽኝን ሳመላልሰው ሰነበትኩ። በስልኩ ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩም ተቆራረጠ፣ እኔም ቃል አጣሁና "ጸልዪበት" ብዬሽ ዘጋሁት። ጸልዪበት ማለት ደግ ነገር ነው፤ ግን እናት መልስ ሲጠፋት የምትደበቅበትም ነው። እኔ ያን ማታ ተደብቄ ነበር።

በደንብ ሰምቼሽ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ለመስክ ሥራ ወጥታችሁ ሦስት ቀን አደራችሁ፤ የአበሉ ቅጽ ላይ ግን አምስት ቀን ተሞላ። ሁሉም ፈረመ። አንቺ ስታመነቺ አለቃሽ "አታካብጂ፣ በዚህ ደሞዝ ማን ይኖራል፣ ይህን የማያውቅ የለም" አለሽ። "እስከ ሰኞ ልየው" ብለሽ ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። ከዚያ ለእኔ፦ "እማዬ፣ ልፈርምና የሁለቱን ቀን ብር ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?" አልሽኝ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት። እኔ አድርጌዋለሁና።

የሳሎኑን በር የምናስደግፍባትን ብረት ታውቂያታለሽ። ነፋስ እንዲገባ በሩን ከፍተን የምናቆምባት፣ አንቺም በልጅነትሽ እግርሽ ላይ ጥለሻት ጥፍርሽ የጠቆረባት። አንድም ቀን ከየት መጣች ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የሱቅ ሚዛን ኪሎ ናት። ብትገለብጫት ከሥሯ ጉድጓድ አላት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እርሳስ ነበረ። እርሳሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

1997 ነው፤ አንቺ ገና ሦስት ዓመትሽ። አባትሽ ታሞ ከአልጋ ውሏል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ ስኳር፣ ምስር፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ እሸጣለሁ። የመድኃኒቱ ወጪ ሱቋን እየበላት ሲሄድ አንድ የገበያ ጎረቤቴ ጠራኝና ዘዴውን አሳየኝ። የሚዛን ብረት ሲሠራ ክብደቱ ልክ እንዲመጣ ከሥሩ ክፍት ቦታ ይተውለትና እርሳስ ይሞላበታል። ያንን እርሳስ ፈልፍለሽ ካወጣሽው ኪሎዋ ኪሎ መሆኗ ይቀራል፤ ከላይ ላያት ግን ያቺው ናት። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። አዝኖልኝ ነው ያሳየኝ። አለቃሽም አዝኖልሽ ይሆናል።

ማታ አንቺን አስተኝቼ፣ አባትሽ ከመጋረጃው ወዲያ እያቃሰተ፣ በቢላ ጫፍ ፈለፈልኳት። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ እንደ ሳሙና ይላጣል። ፍርፋሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠዋት ስወጣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጣልኩት። ኪሎዬ 50 ግራም ያህል ጎደለች። ትንሽ ናት፤ በእጅሽ ብትይዣት አትሞላሽም። ከ100 ኪሎ ጆንያ ግን አምስት ኪሎ ነው። የሁለት ቀን አበልም ለብቻዋ ስትታይ ትንሽ ናት።

ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ከእጄ አይወጡም ነበር። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። እሁድ ሚካኤል ለቅዳሴ የሚቀድመኝ አልነበረም። በጾም ወተት የነካ ማንኪያ እንኳ ለይቼ ነበር የማጥበው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያቺን ኪሎ አንስቼ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለቱ ነገሮች ሆዴ ውስጥ አይተዋወቁም ነበር። "አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው" የሚለውን ከመጽሐፈ ምሳሌ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነበር የመሰለኝ።

ለአባትሽ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ተሻለውና ቀና አለ። በ1998 ታኅሣሥ 19 ስለቴን ላገባ ወጣሁ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ከድሬ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ በእግሩ የሚሄደው፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሳለመው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ባሠሩት ደብር ደጃፍ፣ እኔ ከስኳሩ ትርፍ የገዛሁትን ዘርፍ ያለው ዣንጥላ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እልል እያልኩ አስገባሁ። አለቀስኩም። እውነተኛ እንባ ነበር።

እና ልጄ፣ ቀለለኝ። የምነግርሽ ይህንን ነው። ስመለስ ያቺን ኪሎ ሳነሳ እንደ ድሮው አላፈርኩም። ዓመቱን ሙሉ ሆዴን የሚጫረኝ ነገር ዝም አለ። ገብርኤልን በንግዱ ሸሪክ ያደረግኩት ያህል ነበር።

የጎርፉን ሌሊት አንቺ አታስታውሺውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነው፤ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው። ደቻቱ ያው እንደምታውቂው ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ውሃው እኛ በተኛንበት መጣ። ከ250 ሰው በላይ ሞተ። አባትሽ አንቺን ትከሻው ላይ አድርጎ እንደቆመ ነጋ። ቤታችን ዳገቱ ላይ ስለሆነ ተረፍን፤ ሱቋ ግን ሄደች። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ደለል ስንዝቅ ኪሎዋን አገኘኋት። ሚዛኑ የለ፣ ጆንያው የለ፣ በሩ የለ፤ እሷ ግን አለች። ሥሯ ያለችው ጉድጓድ ጭቃ ሞልቷት ነበር። ምናልባት በዓመት ከምናምን ለልኳ የቀረበችው ያን ቀን ይሆናል።

ይዣት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። "በእኔ ኃጢአት ነው ይህ ሁሉ የመጣው" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ተቆጡኝ። እንዲያ ተቆጥተው አላውቅም። "አንቺ ማነሽና ነው ከተማ የሚጠፋልሽ? የሞቱት ሕፃናት እርሳስ ፈልፍለው ነበር? በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጌታ የጠየቀውን አልሰማሽም? ጎርፉን ለእግዚአብሔር ተይለት። አንቺ የስኳሩን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። የዣንጥላውንም ጨመርኩበት፤ እንደ ማካካሻ እንዲቆጥሩልኝ ነበር። እሳቸው ዝም ብለው ቆዩና "በማን ስኳር ነው የተሳልሽው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ነው "በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ" የሚለውን ያነበቡልኝ። "አስቀድመህም" የምትለዋ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሁለት ጊዜ ደገሟት። "ገብርኤል የሰው ስኳር አልጠየቀሽም፤ ሂጂ መልሺ" አሉኝ። "አባቴ፣ ስንቱን? ማንን ማን ብዬ?" ስላቸው፦ "የምታውቂያቸውን ፊት ለፊት፤ የማታውቂያቸውን በሚዛን።"

የማታውቂያቸው የሚለው ቀላሉ ነበር። እኅቶቼ ተረባርበው ትንሽ መደብ ዘረጋሁ፤ አዲስ ኪሎ ገዛሁ። ገበያ ስንገዛ "መርቂልኝ" እንላለን አይደል? ጨምሪልኝ ማለታችን ነው፤ ባርኪኝም ማለታችን ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም "መርቂልኝ" ሳይለኝ በየኪሎው ላይ አንዳንድ እፍኝ መረቅሁ። ጎረቤቶቼ "ይቺ ሴትዮ ጎርፉ አእምሮዋን ነካው" ይሉኝ ነበር፤ ከፊሉም ገበያ አበላሸሽብን ብሎ ተቀይሞኛል።

ከባዱ የማውቃቸው ነበሩ። ከእነሱ አንዷን ብቻ ልንገርሽ። ከደንገጎ በኩል በጄሪካን ወተት እያወረደች የምትሸጥ እስላም ሴት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ሁለት ኪሎ ስኳር ትገዛለች። በሳምንት 100 ግራም፣ ከዓመት በላይ፤ ስድስት ኪሎ ገመትኩት። ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው፤ እኔ አቅሜ አንድ እጥፍ ብቻ ነበር። ስኳሩን ይዤ ጥላ ሥር የተቀመጠችበት ሄድኩና እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

ወተቱን መቅዳቷን አላቋረጠችም። "አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሌላውስ ያው አይደል?" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አንገቴን አየች። "መጀመሪያ ወደ አንቺ የመጣሁት ማተብሽን አይቼ ነበር።"

ይህንኑ ነው ያለችው፤ አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ስኳሩን ተቀብላ ከጄሪካኑ ጎን አስቀመጠችው። እስከምትሞት ድረስ ከእኔ ገዝታለች፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ግን ቤቷ ወስዳ ትመዝነው እንደነበር አውቃለሁ፤ ደግ አደረገች።

አባትሽ መድኃኒቱ በምን እንደተገዛ ሳያውቅ ነው ያረፈው። ልነግረው ስል ስል ቀረ። ይህችን አልቋጨኋትም፤ እንዲሁ ከእኔ ጋር አለች።

እንግዲህ ወደ ሰኞሽ ልመለስ። ቅጹን ስትመልሺ ስብከት አታብዢ። "የእኔን ሦስት ቀን ብላችሁ ሙሉልኝ" በያቸው፣ በቃ። ፊትሽን አታኮሳትሪ፣ የሌሎቹንም ቀን አትቁጠሪ። ሂጂና ክሰሺያቸው አልልሽም፤ የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ ግን ስለ ማንም ብለሽ አትዋሺ። "ፋራ" ይሉሻል። የሚቀጥለው መስክ ላይ ስምሽ ሊቀር ይችላል፤ አይቀርም ብዬ አላታልልሽም። ዳንኤልን ከሥራው ላይ ጥፋት ፈልገው ሲያጡበት ነው ወደ አንበሶቹ የወሰዱት። እሱ ወጣ፤ ሌሊቱን ግን እዚያው ነው ያደረው። የቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ አልረሳሁም፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የምልሽ።

በስልኩ አለፍ ብለሽ የጣልሽው ነገርም አላመለጠኝም። "ባለፈው ሐምሌ እኮ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ" ብለሽኛል። እሱን ለቤተ ክርስቲያን አትስጪው። ለነዳያንም አትስጪው። አሥራት ማውጣት ከፈለግሽ ከደሞዝሽ አውጪ፤ ሳንቲምም ቢሆን ያንቺ ነው። ይህኛውን ወደመጣበት ፋይናንስ ክፍል ውሰጂው፤ "ትርፍ የወሰድኩት አበል ነው፣ ተመላሽ ላድርግ" በያቸው። ገንዘብ ያዧ ግራ ትጋባ ይሆናል፤ ተመላሽ ግን ሁልጊዜ አለ፣ የገቢ ደረሰኝ ይቆርጡልሻል። ከእናንተ መካከል ማን ምን አደረገ ብለው ቢያፋጥጡሽ ስለ ራስሽ ብቻ መልሺ።

ብሩ እጅሽ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። ዕቁቤ ለታኅሣሥ ወጥቶልኛል፤ ቀኑ እስኪደርስ ካልጠበቁሽ ከወዳጆቼ ተበድሬ በባንክ እልክልሻለሁ። እንዳታፍሪብኝ። ለኪራዩም ጎድሎሽ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ፤ ከሰው ከመስማቴ በፊት። ለንስሐ አባትሽም ሳትነግሪ አትክረሚ፤ ጾሙ ሊገባ ነው፤ ከቻልሽ ከዚያ በፊት ጨርሺው።

በዚህ ሳምንት አውቶብስ ትንሽ በርበሬና የባቢሌ ለውዝ ልኬልሻለሁ፤ ከሾፌሩ ተቀበይ። ደረሰኙ ሲቆረጥልሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የጎረቤት ልጅ ከፍቶ ያሳየኛል። ዘንድሮ ለቁልቢ ፈቃድ ካገኘሽ ነይ፤ ዣንጥላ ምናምን አንገዛም፤ ጧፍ ብቻ ይዘን እንወጣለን። ወፍራም ሹራብ ግን ያዢ፤ የላዩን ብርድ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ